የሲስተር የሺ ሞተር ሰባ መሄድ ያቆመች ጊዜ

ባለፈው ማክሰኞ ጌዶ ውስጥ ከማስተምርበት ትምህርት ቤት ስወጣ፣ አንድ ሞተረኛ ከአጥሩ ጥግ ቁጢጥ ብሎ የሞተሩን የአየር ማጣሪያ ስፖንጅ በተቆረጠ ጄሪካን ውስጥ በቤንዚን ሲያጥብ አየሁት። ስፖንጁን ጨመቅ ሲያደርገው ጥቁር አቧራ ከቤንዚኑ ጋር እየወረደ ሣሩን አጠቆረው፤ ሽታውም ገና ካባራው ዝናብ እርጥበት ጋር ተቀላቅሎ እኔ ዘንድ ደረሰ። መንገዴን ትቼ ቆምኩ። ሰውዬው ቀና ብሎ «ቲቸር፣ ሞተር ሊገዙ ነው እንዴ?» አለኝ። ፈገግ ብዬ አለፍኩት፤ ቤቴ ገብቼ በሩን ከዘጋሁ በኋላ ግን የተማሪዎቼን ደብተር ማረም አቅቶኝ፣ ምሳዬንም ሳልቀምስ፣ እስኪመሽ ድረስ ሐሳቤ አምቦ ዋለ።

አምቦ ውስጥ ቤታችን ከገበያው ወደ ሁሉቃ ወንዝ በሚወርደው መንገድ ላይ ነበር። አባቴ ገመቹ የወፍጮ ቤት ሞተር ይጠግናል፤ ከደንዲ እስከ ጌዶ ወፍጮው የቆመበት ሰው ሁሉ «ኦቦ ገመቹን ጥሩልኝ» ይላል፤ ወፍጮ ባልተበላሸበት ሳምንት ደግሞ ግቢያችን ካለው የዋንዛ ዛፍ ሥር ሞተር ሳይክል ሲፈታና ሲገጥም ይውላል። እናቴ የሞተችው የአሥር ዓመት ልጅ ሳለሁ ነው። አባቴ ዱሮም ቃል የሚቆጥብ ሰው ነበር፤ እሷ ከሄደች በኋላ ጭራሽ አፉ ተዘጋ። አይመታኝም፣ አይቆጣኝም፤ ጫማዬን በየቀኑ ጠርጎ በር ሥር ያቆምልኛል። ግን አያወራኝም። ምሳ ስንበላ በቤቱ ውስጥ የሚሰማው የውሃ ጣሳው ጠረጴዛው ላይ ሲያርፍ ብቻ ነበር። ከትምህርት ቤት ስመለስ ቶሎ ላለመግባት ብዬ ደጃፉ ላይ ቆሜ መንገደኛ እቆጥር ነበር፤ ስንት በቅሎ፣ ስንት ባጃጅ፣ ስንት ጥላ የያዘች ሴት አለፈች እያልኩ።

ሲስተር የሺ ወደ ግቢያችን የመጡት አሥራ ሦስት ዓመት የሞላኝ ሰሞን ነው። የአዲስ ዓለም ልጅ ናቸው፤ አርባ ዓመት ግድም ይሆናቸዋል፣ አላገቡም፤ ከጉደር ወዲያ ባለች አንዲት ትንሽ ጤና ጣቢያ አዋላጅ ነርስ ነበሩ። በነጭ ጋዋናቸው ላይ ሰፊ የወንድ ጃኬት ደርበው፣ ማርሽ በሌላት ትንሽ ቀይ ስኩተር በከተማው መሐል ሲያልፉ ሱቅ ደጃፍ የተቀመጠ ወንድ ሁሉ ወሬውን አቋርጦ በዓይኑ ይሸኛቸዋል። ኦሮምኛውን የተማሩት ምጥ ከያዛቸው እናቶች ስለሆነ የሚያውቁት ቃል አብዛኛው የማዋለጃ ክፍል ነበር፤ «ግፊ»፣ «ተንፍሺ»፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ «ጀባዱ»፣ አይዞሽ በርቺ ማለት ነው። አባቴ ዝገት የያዘውን ብሎን ለመፍታት ሲታገል ከኋላው ቆመው «ጀባዱ፣ ኦቦ ገመቹ» ሲሉት ሳቀ። አባቴ ሲስቅ ከሰማሁ ሦስት ዓመት አልፎኝ ነበርና የሌላ ሰው ድምፅ መስሎኝ ዞር ብዬ አየሁ።

የመጡበት ምክንያት ሞተሯ መፍጠን ስላቆመች ነበር። በሰዓት ሰባ ኪሎ ሜትር ትሄድ የነበረችው አሁን ጋዝ እስከ መጨረሻው ቢሰጧት ከአርባ አታልፍም። አባቴ መፍቻ ከማንሳቱ በፊት ብዙ ጠየቃቸው፤ ከመቼ ጀምሮ ነው፣ ሜዳ ላይ ነው ወይስ አቀበት ላይ፣ በቀዝቃዛው ነው ወይስ ከሞቀች በኋላ፣ ድምጿ ተለውጧል ወይ። ሲስተር የሺም «እንዲህ የምጠይቀው እኔ ነበርኩ፤ ዛሬ ተራዬ ደረሰ» አሉ። አባቴ ሥራውን የሚጀምረው ቀላሉን በማየት ነው። የጎማውን ነፋስ ለካ። የኋላ እግሯን አንስቶ በእጁ አሽከረከረ፤ ፍሬኑ ጎማውን ይዞ ስለነበር አላላው። አንድ ነገር በነካ ቁጥር ነድቷት ይመለሳል። «ሁለቱን አንዴ ከነካሽ የቱ እንዳዳናት አታውቂም» አለኝ። ይህን የነገረኝ እኔን ነው። ያን ዕለት ከእኔ ጋር ያወራው በወር ከሚያወራኝ ይበልጥ ነበር።

ፍሬኑ ጥቂት ረዳ እንጂ ችግሩን አልፈታም። በቀጣዩ ቅዳሜ ተመልሰው ሲመጡ የአየር ማጣሪያውን ሳጥን ከፈተ፤ ስፖንጁ የጉደርን መንገድ አቧራ ጠጥቶ እንደ ጭቃ ቂጣ ሆኗል። አጥቤ፣ ጨምቄ፣ ፀሐይ ላይ አስጥቼ፣ ጥቂት ዘይት የቀባሁት እኔ ነኝ። እስኪደርቅ ድረስ ሦስታችን ከዋንዛው ሥር ምሳ በላን፤ ሲስተር የሺ ሦስት ጊዜ አጎረሱኝ፤ ፀጉሬን አይተው «ይሄን ማነው የሠራሽ?» ሲሉኝ ራሴ ነኝ ብል፣ እጃቸውን ታጥበው ከኋላዬ ተቀመጡና ፈትተው እንደገና ጎነጎኑኝ። ከዚያ አባቴ ማጣሪያውን ገጥሞ ሳጥኑን ዘጋና ነድቷት ሄዶ ሲመለስ «ሰባ» አለ። ሲስተር የሺ አጨበጨቡ። እኔ አላጨበጨብኩም። የዳነ ሞተር ጋራዥ እንደማይመጣ ይገባኝ ነበር።

በማግሥቱ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ፓፓያ ይዘው ለምስጋና መጡ። እነሱ ቤት ውስጥ ሲጫወቱ እኔ ውጪ ሞተሯ አጠገብ ነበርኩ። አየር ወደ ማጣሪያው የምታስገባው ጎማ ቱቦ ከሽፋኗ ሥር የት እንዳለች ከትናንት አውቄያለሁ። አባቴ ለመጥረጊያ ከቆራረጠው አሮጌ ሰማያዊ ዩኒፎርሜ አንዷን ቁራጭ አነሳሁና ጠቅልዬ ወደ ቱቦዋ ገፋሁት። ክፋት ነው ብዬ አላሰብኩም። ሳደርገው ያሰብኩት የሚመጣውን ቅዳሜ ብቻ ነው።

ቅዳሜም መጡ። «ኦቦ ገመቹ፣ ደግሞ አርባ ላይ ቆማለች» አሉ፤ ያዘኑ አይመስሉም ነበር። አባቴ ሳጥኑን ከፈተ፤ ስፖንጁ ንጹሕ ነው። ነዳጁን በእሳት የሚያስነሳውን ካንዴላ ፈትቶ ሲያየው እንደ ከሰል ጠቁሯል። ነዳጅ በዝቶባታል አለና ካርቡራተሩን አወረደ፣ ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ ጠረገ፤ አልዳነችም። በተከታዩ ቅዳሜ ጥርጣሬው የኋላ ጎማዋን ወደሚያዞረው ቺንጋ ሄደ፤ አውጥቶ ወርዱን ለካው፣ ገና አልተበላም። በሦስተኛው የጭስ ማውጫውን አውርዶ ውስጡ የተጋገረውን ጥቀርሻ አራገፈ። ጥፋቱ ራሱ አጽድቶ ከዘጋው ቦታ ይሆናል ብሎ አልጠረጠረም። ግራ ሲገባው ጢሙን እያሻሸ ሞተሯን ይዞር ነበር፤ ሲስተር የሺ ደግሞ ወጥ አማስለው ይጠሩናል። በእነዚያ ሦስት ቅዳሜዎች ቤታችን ውስጥ ስለ ሞተር፣ ስለ አዲስ ዓለም፣ ስለ እናቴ ሳይቀር ተወራ። አባቴ ከእርሻ ሰብል መርጦ የሚወደው ማሽላ እንደሆነ፣ በልጅነቱ ደንዲ ሐይቅ ውስጥ ሊሰጥም እንደነበር ያወቅሁት ያኔ ነው። ጨርቁን ላውጣው ብዬ በየሳምንቱ እነሳና አንዲት ቅዳሜ ብቻ ትጨመር እላለሁ።

ከሦስተኛው ቅዳሜ በኋላ በመጣው ረቡዕ ሲስተር የሺ ሪፖርት ለማስገባት አምቦ ገብተው ሳሉ ስልክ ተደወለላቸው። ጤና ጣቢያው ውስጥ አንዲት ሴት ምጥ ጠንቶባታል፤ በዕለቱ ሌላ አዋላጅ የለም። እየበረሩ ወጡ። ጉደር ድረስ እንደምንም ሄዱ፤ ከድልድዩ በኋላ ያለው አቀበት ላይ ሞተሯ ከአርባ ወደ ሃያ፣ ከሃያ ወደ ሰው እርምጃ ወርዳ ቆመች። ጥለዋት በእግር ሮጡ፤ መንገድ ላይ አንድ የጭነት መኪና አሳፈራቸው። ሲደርሱ ሴትየዋ በጽዳት ሠራተኛዋ እጅ ወልዳለች። ሕፃኑ አልተነፈሰም። እናትየዋ ተርፋለች።

በማግሥቱ ሞተሯን በመኪና ጭነው አመጧት። ይህን ሁሉ የነገሩን በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ ጃኬታቸውን ሳያወልቁ፣ ድምፃቸውን ሳያነሱ ነው። አባቴ ሞተሯን እስከ አጥንቷ ፈታት። ሽፋኗን ሲያነሳ፣ ቱቦዋን ሲያወጣ፣ ጣቱን ሲያስገባ ዋንዛውን ተደግፌ አያለሁ። ሰማያዊውን ጨርቅ ጎትቶ አወጣውና ለረጅም ጊዜ በመዳፉ ላይ አየው። ሳጥኑን ከዘጋ በኋላ ሞተሯን ሰባ እንደነዳት ያውቃል፤ ስለዚህ ጨርቁ ከዚያ በኋላ እንደገባ ያውቃል። ቀና ብሎ አየኝ። ፊቴ ምን ይመስል እንደነበር አላውቅም፣ እሱ ግን አነበበው።

«የኔ ጥፋት ነው» አለ ወደ ሲስተር የሺ ዞሮ። «ስጠርግበት ረስቼው ነው።»

ሲስተር የሺ ጨርቁን አዩ፣ እሱን አዩ። «ኦቦ ገመቹ፣ ሦስት ቅዳሜ?» አሉ። ሞተሯ ተገጥማ እስክታልቅ ቆሙ፣ ከዚያ ነድተዋት ወጡ፤ ያለምንም ማመንታት ፈጥና ስትሄድ ድምጿ ይሰማን ነበር። አባቴ እጁን ታጠበ፤ ራት አቅርቦ «ብዪ» አለኝ። እንዲመታኝ ፈልጌ ነበር። አልመታኝም፤ ያን ጊዜም ሆነ ከዚያ በኋላ ስለዚያ ነገር አንድ ቃል አላነሳብኝም። ከጥቂት ወራት በኋላ ሲስተር የሺ ወደ ባኮ እንደተዛወሩ በገበያ ሰማን። «ሞተሯ ውስጥ ጨርቅ የረሳው» የሚለው ወሬም ከጉደር አምቦ ደረሰና አባቴን የሚጠራው ባለወፍጮ እያነሰ ሄደ። እሱም ማስተባበያ አልሰጠም።

አባቴ ያረፈው አስተማሪ ሆኜ ጌዶ በተመደብኩ በሁለተኛው ዓመት ነው። እስከ መጨረሻው ልነግረው፣ ቢያንስ ይቅር በለኝ ልለው አስብና ቤት ስገባ ዝምታው ይቀድመኝ ነበር። ከተዝካሩ በኋላ አውቶቡስ ተሳፍሬ ባኮ ወረድኩ። ሙቀቱ ሌላ አገር ነው፤ በቆሎው እስከ ቤቱ በር ድረስ በቅሏል። ሲስተር የሺን ፀጉራቸው ነጥቶ፣ ብቻቸውን፣ በአንዲት ክፍል ቤት አገኘኋቸው። ሁሉንም ነገርኳቸው። እኔ ስናገር ሻሻቸውን እያጠፉ ይፈቱት፣ እየፈቱ ያጥፉት ነበር።

«ሕፃኑ እርስዎ ቢደርሱ ኖሮ ይተርፍ ነበር?» አልኳቸው።

«አላውቅም» አሉ። «ብደርስም ላይተነፍስ ይችል ነበር። ብደርስ ግን አውቅ ነበር።»

ይቅር ብዬሻለሁ አላሉኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ለራሳቸው እንደሚናገር ሰው፣ «አባትሽ እንዲህ ያለ ስህተት የሚሠራ ሰው እንዳልነበረ ማወቅ ነበረብኝ። ቅዳሜን እኮ እኔም እጠብቀው ነበር» አሉ።

አመሻሹ ላይ እስከ መናኸሪያው ሸኙኝ። አውቶቡሱ ሊነሳ ሲል በመስኮቱ በኩል «ስሜን አንስቶ ያውቃል?» ብለው ጠየቁኝ። አዎ ማለት እንዴት ቀላል ነበር። እውነቱን ነገርኳቸው፤ አንስቶ አያውቅም፣ ነገር ግን በመንገዱ ትንሽ ሞተር ባለፈች ቁጥር የያዘውን መፍቻ አስቀምጦ ድምጿ እስኪጠፋ ያዳምጥና «እሷ አይደለችም» ብሎ ወደ ሥራው ይመለስ ነበር። ሲስተር የሺ ራሳቸውን ነቀነቁና ሻሻቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። አውቶቡሱ ተነሳ።

ከአምቦ ተነስቶ በጌዶ አድርጎ ባኮ የሚወርደው መንገድ አንድ ነው። አባቴ አንደኛው ጫፍ ላይ ተቀብሯል፣ ሲስተር የሺ ከሌላው ጫፍ አሉ፣ እኔ መሐሉ ላይ ነኝ፤ ሦስታችን ከዋንዛው ሥር አብረን ምሳ ከበላን ስንት ዓመት አለፈ።