የሚጮኸው ፍሬን
ባለቤቴ ለባለሁለት በር ስፖርት መኪናው እንደ ልጅ ይሳሳላት ነበር። ከጪጩ ከተማ ሲመለስ ቁልቁለቱ ላይ ፍሬን እምቢ አለውና ከዛፍ ተጋጭቶ ሞተ። መካኒኩ ከጎማው ጀርባ ፈትቶ ያወጣውን የፍሬን ሸራ መዳፌ ላይ አኖረልኝ። አሮጌ ነበር፤ ቀለም ተቀብቶ በአዲስ ካርቶን የተሸጠ። የሸጠለት የመለዋወጫ ነጋዴ ወዳጁ ነበር። ለቅሶ ድንኳናችን ውስጥ ከሁሉ በላይ እያለቀሰ፣ «ፍጥነት ይወድ ነበር፤ ስንቴ መከርኩት!» ሲል ሰምቼዋለሁ።

ሰዎች መኪናዋን ሽጪያት ሲሉኝ አስጠገንኳት። ከአዲስ አበባም ለውድድር መኪና የሚሆን ጠንካራ ሸራ አስመጣሁ። መካኒኩ ገጥሞ ሲሞክረው ጥርስ የሚያፋጭ ድምፅ አወጣ።

«እትዬ፣ አሪፍ ይይዛል፤ ግን ይጮሃል። ጠርዙን ሞርጄ ላስተካክለው?»

«ተወው፤ ይጩህ።»

ለእሱ ቁመት የተስተካከለውን ወንበር ወደ መሪው ለማቅረብ አልጨከንኩም፤ ትራስ ተደግፌ ነው የምነዳው። ጠዋት ወደማስተምርበት ትምህርት ቤት ስሄድ የነጋዴው ሱቅ በር ላይ ፍሬን እይዛለሁ። ደንበኞቹ ዞር ይላሉ፤ እሱ ወደ ጓዳ ይገባል። ባለፈው ሳምንት ግን ወጥቶ መስኮቴ ላይ አጎነበሰ።

«እህቴ፣ ይሄን ጩኸት በነፃ ላጥፋልሽ።»

«ድንኳኑ ውስጥ የነበሩትን ሰብስብና ምን እንደሸጥክለት ንገራቸው፤ ያኔ ይጠፋል።»

ወደ ሱቁ ተመለሰ። መካኒኩን ሸራው ምን ያህል እንደሚቆይ ጠየቅኩት፤ ገና ብዙ ነው አለኝ። ሲያልቅም ያንኑ ዓይነት አስመጣለሁ።