ደሜ ለአባቴ ከተማውን ያሳየበት ቀን

ባሌ ደሜ ጉድጓድ ቆፋሪ ነበር። ኮልፌ ውስጥ ውኃ የሚቀዳበት ጉድጓድ ካያችሁ ግማሹን የቆፈረው እሱ ነው፤ ሌላውን ግማሽ ደግሞ ሌላ ሰው ጀምሮት ድንጋይ ሲገጥመው የጨረሰው እሱ ነው። ይህን የምለው እኔ አይደለሁም፣ ራሱ ነው የሚለው። ቀኑን ሙሉ ከመሬት በታች ብቻውን ስለሚውል፣ ሲወጣ የተጠራቀመበትን ወሬ በአንድ ጊዜ ያፈሰዋል። እኔም የወደድኩት በወሬው ነው፣ ምን ልዋሽ! አክስቴ ወለተጻድቅ ግቢ ሊቆፍር መጥቶ በሁለት ሳምንት የሚያልቀውን ሥራ ወር ከአሥር ቀን አስረዘመው። አክስቴ ድንጋይ የበዛበት መስሏት በየቀኑ ታዝንለት ነበር።

ጊዜው ጣሊያን ከገባ ሦስተኛ ዓመቱ፣ ሠላሳ አንድ ዓመተ ምሕረት ላይ ነው። እኔ ሰብሌ ያኔ አሥራ ስምንት ዓመቴ ነበር፤ አባቴ ወልደጊዮርጊስ ከጉራጌ አገር ወደ እህቱ ወደ ወለተጻድቅ ከላከኝ አራት ዓመት ሆኖኛል። በእኛ ወግ ልጅ የሚጠይቅ ሰው ሽማግሌ ይልካል፤ ሽማግሌው ከመላኩ በፊት ደግሞ የልጅቷ አባት ስለ ሰውዬው በሩቁ ያጣራል። ደሜ እስኪጣራ መቆየት አቃተውና ወደ አገር ቤት በሚወርድ ነጋዴ መልእክት ሰደደ። ደሜ የምባል፣ አዲስ አበባን እንደ እጄ መዳፍ የማውቅ፣ ልጅዎን የምመኝ ሰው ነኝ አለ። ልብ አድርጉ፣ ስለ ጉድጓዱ አንዲት ቃል አልተነፈሰም።

መልሱ ጥር ዘጠኝ ቀን መጣ። አባቴ ለጥምቀት ማግስት እመጣለሁ አለ። ይህ ሰው ከተማውን እንዲያ የሚያውቅ ከሆነ ጊዮርጊስን፣ የምኒልክን ፈረስ፣ የምኒልክን መቃብር፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የለገሃሩን አንበሳ ያሳየኝ። ካሳየኝ ሽማግሌ ይላክ። ካላሳየኝ ሰብሌን ይዤ እመለሳለሁ፣ ነገሬ እየጠበቀ ነው። ነገሬ ማለት ሚስቱ የሞተችበት፣ እንሰቱ የበዛለት፣ ከአባቴ በአንድ ዓመት የሚያንስ ሰው ነው። እኔ ግን ሳቄ መጣ። ደሜ ከተማውን ያውቅ የለ! ነጠላዬን እየጎተትኩ እየሮጥኩ ሄድኩ።

ጉድጓድ ውስጥ ነበር፣ ስድስት የሰው ቁመት ወርዷል። አፋፉ ላይ ተንበርክኬ መልእክቱን አንድ ሳላስቀር ነገርኩት። ዶማውን ጣለና ወደ ላይ አንጋጦ፣

«ሰብሌ፣ ለገሃር በየት በኩል ነው?» አለኝ።

ሰባት ዓመት ሙሉ አዲስ አበባ ኖሮ ከገበያው ወዲያ አልፎ አያውቅም። ጠዋት ይወርዳል፣ ማታ ይወጣል፣ በነጋታው ሌላ ግቢ ይወርዳል። መሬቱን ከሥሩ ያውቀዋል፣ የቱ ጋ ቀይ አፈር እንዳለ፣ የቱ ጋ ውኃው ጨዋማ እንደሆነ። ከላይ ያለውን ግን ሰው ሲያወራ ነው የሰማው። ልደፋው ነበር፣ እግዜር ይመስገን ቀድሞውኑ ታች ነው።

ሦስት ቀን ቀርቶናል። ሄዶ እንዳያይ፣ አፉ ያልተገነባ ጉድጓድ ጥሎ መሄድ ማለት ማስደርመስ ነው። መላው ሀያቱ ሆነ። ሀያቱ ጎረቤታችን ነው፣ ጨው ነጋዴ፤ ከወረራው በፊት ለገሃር ጭነት ሲያወርድ እግሩ ተሰብሮ ከዚያ ወዲህ ከሱቁ ደጃፍ አልፎ አያውቅም። ከተማውን ግን አሳምሮ ያውቃል። ደሜ ከሥራ እንደወጣ እጁን ሳይታጠብ እዚያ ይሄዳል። ሀያቱ በሱቁ ወለል ላይ ጨው እየቆነጠረ ይከምርለታል፤ ይቺ ጊዮርጊስ፣ ይቺ ከአጠገቡ ያለው ፈረስ፣ ይቺ ምኒልክ የተቀበሩበት በአታ፣ ያቺ ትልቋ አንበሳው። ደሜ አይጽፍም። ያለው የጉድጓድ ጥልቀት የሚለካበት ገመድ ነው፤ በየቁመቱ እንደሚቋጥረው ለየቦታው አንድ አንድ ቋጠሮ ቋጠረና ከተማውን በኪሱ ከተተው።

ከዚያ በኋላማ ጉድ ነው። እቆፍራለሁ እያለ እዚያ ታች ሆኖ ያጠናል። «ስምንት ማዕዘን ነው፣ ስምንት ማዕዘን ነው» የሚል ድምፅ ከመሬት ውስጥ ይወጣል። የጉድጓዱ ባለቤት ሥራ ሊያስቆመው ምንም አልቀረውም። እኔ ደግሞ በየሰዓቱ እየሄድኩ እፈትነዋለሁ። ከፈረሱ ቀጥሎ? በአታ። አንበሳው ራሱ ላይ ምን አለ? ዘውድ። ቀለሙስ? ወርቅ። በደስታ ሰከርን፣ ነገሬ ከናካቴው ተረሳ።

አባቴ በጥምቀት ማግስት ገባ፣ ነጭ ጋቢውን ለብሶ፣ ከዘራውን ይዞ። በነጋታው ማልደን ወጣን። ልጃገረድ ከጠያቂዋ ጋር ሄደች እንዳይባል አክስቴ ጉልበቴን አሞኛል አለችና ስንቅ ተሸካሚ አደረገችኝ፤ ቆጮና አይቡን በመሶብ ይዤ ከኋላ ከኋላ እከተላለሁ፣ ቃል እንዳልተነፍስ ተነግሮኛል። ደሜ ፊት ፊት ይሄዳል፣ አንድ እጁ ኪሱ ውስጥ ነው። ኬላው ጋ ጣሊያኑ የት ብሎ ሲጠይቀን፣ ደሜ ቤተ ክርስቲያን ልንሳለም ነው ብሎ ጎንበስ አለ፣ አለፍን።

ጊዮርጊስ ስንደርስ አባቴ ደጁን ተሳለመ። ግድግዳው ላይ ከቃጠሎው የቀረ ጥቁረት ነበር፤ ሦስታችንም አየነው፣ አንዳችንም አላነሳነውም። ያኔ አፍ የሚከፈትበት ጊዜ አይደለም። ደሜ ቤተ ክርስቲያኑ ስምንት ማዕዘን መሆኑን ተናገረ። አባቴ ሳያረጋግጥ የሚያልፍ ሰው አይደለምና በከዘራው እየነካ ዞረው፤ ቆጥሮ ሲመለስ ስምንት ነው አለ። ደሜ ደረቱ ተነፋ። እኔ በነጠላዬ አፌን ሸፍኜ ሳቅኩ። አንዱ ቋጠሮ ተፈታ!

ወደ ፈረሱ ዞርን። ፈረስ የለም። ደሜ ወደ ግራ አየ፣ ወደ ቀኝ አየ፣ ገመዱን ዳበሰ። አደባባዩ ባዶ ነው። አባቴ ከዘራውን ተደግፎ ይጠብቃል።

«ለእጥበት ተወስዷል» አለ ደሜ። «በየሦስት ዓመቱ ይታጠባል። ነሐስ ነዋ።»

አባቴ ራሱን ነቀነቀ፤ ነሐስ መታጠብ አለበት አለ፣ መንገዳችንን ቀጠልን። እንዲህ ያለ ውሸት ከየት እንደመጣለት እሱም አያውቅም። ፈራሁ፣ ደግሞም ኮራሁበት።

በአታ ስንደርስ ደሜ አገሩ የገባ ያህል ሆነ። መቃብሩ ከወለሉ በታች ነው ሲባል ዓይኑ በራ። ወለሉን በተረከዙ መታ መታ አድርጎ ያዳምጥ ጀመር። እንዲህ ባለው አፈር ላይ ሥሩን አጽንቶ ይህን ሁሉ ድንጋይ መሸከም የአዋቂ ሥራ ነው አለ፤ ውኃ እንዳይገባ እንዴት ያለ ቦይ እንደሚያስፈልግ፣ አፈሩ በክረምት እንዴት እንደሚያብጥ ለአባቴ አስረዳ። አንድ ካህን ቆመው ሰሙትና ልጄ ሙያህ ምንድነው ብለው ጠየቁት። ደሜ ደንግጦ ወደ አባቴ አየ። አባቴ ግን ጥያቄውን የሰማም አልመሰለ፤ ፊቱ ወደ ለገሃር ነው። ሲነጋም አንበሳውን፣ ስንቅ ስንቀምስም አንበሳውን፣ አሁንም አንበሳውን ነው የሚለው።

ቁልቁል ወረድን። ፀሐዩ በረታ፣ አቧራው በጣሊያኖቹ የጭነት ካሚዮን ይነሳል፣ ደሜ ግን እግሩ መሬት አይነካም። የመጨረሻው ቋጠሮ ነው። መታጠፊያው ጋ ሲደርስ እጁን ዘርግቶ አስቆመን። አሁን ስንዞር ፊት ለፊት እንደምናየው፣ ራሱ ላይ ዘውድ እንዳለ፣ ፀሐይ ሲያርፍበት ዓይን እንደሚያጠፋ ተናገረ። ዞርን።

ድንጋዩ አለ። የቆመበት ድንጋይ፣ ረጅሙ፣ እንዳለ አለ። ላዩ ላይ ምንም የለም። ከጎኑ አንድ ጣሊያን ወታደር ብርቱካን እየላጠ ይበላል።

ሀያቱ የነገረን የድሮውን ከተማ ነው፣ እግሩ ሳይሰበር ያየውን። ከዚያ ወዲህ ምን እንደተወሰደ ለእሱም የነገረው የለም፤ በዚያ ዘመን ስለተወሰደ ነገር ማውራት የሚያስወስድ ነበር። አሳዛኝ ነው፣ ያን ድንጋይ ሳየው አንጀቴ አረረ። የሰው ከተማ ገብተው እንዲህ አራግፈውት!

አባቴ ድንጋዩን ብዙ አየው። ከዚያ ወደ ደሜ ዞረ።

«ይሄም ለእጥበት ሄዷል?»

ደሜ የዋሸ እንደሆነ ዛሬን ያልፋል፤ እሱ ግን ገመዱን ከኪሱ አወጣና መሬት ላይ ጣለው።

«አባቴ፣ አላውቅም» አለ። «ፈረሱንም አላውቅም። እዚህ ቦታ ስመጣ የዛሬው መጀመሪያዬ ነው። ሰባት ዓመት ጉድጓድ ስቆፍር ነው የኖርኩት። የማውቀው አፈሩን ነው።»

አለቀልኝ፣ ነገሬ መጣ አልኩ በልቤ። አባቴ መንገድ ዳር ካለ ድንጋይ ላይ ተቀመጠና ፊቱን በጋቢው ሸፈነ። ትከሻው ይንቀጠቀጣል። እያለቀሰ መስሎኝ መሶቤን እንደያዝኩ ተጠጋሁ። ለካስ እየሳቀ ነው! እንባው እስኪወርድ ይስቃል።

ወታደሩ እንዳይሰማ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ተናዘዘ። ለጃንሆይ የዘውድ በዓል፣ የዛሬ ስምንት ዓመት፣ አንበሳውን ለማየት ብሎ ከአገሩ ተነስቶ ነበር። አዋሽ ሞልቶ ሦስት ቀን ማዶ ተቀምጦ ተመለሰ። ባዶ እጁን መግባት አፍሮ አንበሳውን አየሁ አለ። አገሩ ሁሉ አመነው፤ ስምንት ዓመት ሙሉ በየለቅሶውና በየሠርጉ አንበሳውን ሲያወራ ኖረ። የገዛ እህቱ ከተማ መጥተህ ቤቴን ሳትረግጥ እንዴት ተመለስክ ብላ ያኮረፈችው በዚህ ነው። አሁን ደግሞ ከተማ ያዩ ወጣቶች መጥተው ዝርዝር ይጠይቁት ጀመር። በምስክር ፊት አንድ ጊዜ አይቶት ሊገላገል ነበር የመጣው።

ደሜ ቁጢጥ አለና፣

«ምን ብለው ነበር የነገሯቸው?» ሲል ጠየቀው።

እዚያው ተቀምጠው አንበሳውን ይሠሩት ገቡ። ዘውዱ ተስማማ፣ ወርቁ ተስማማ። አፉን አባቴ የተከፈተ ብሏል፣ ሀያቱ ስለ አፉ አልተናገረም፣ ይከፈት ተባለ። ጅራቱ ላይ ግን ተጨነቁ። አባቴ ወደ ላይ የተነሳ ነው ብሎ ምሏል፤ አንድ የአገሩ ልጅ ደግሞ ወደ ታች ነው ብሎ ተከራክሮታል። ደሜ ትንሽ አሰበና ያ ልጅ ያየው ከፊት ለፊት ነው፣ ጅራት ከፊት አይታይም አለ። አባቴ ጭኑን መታ። ስምንት ዓመት ሙሉ አንድም የሚከራከርለት ሰው እንዳልነበረው ያኔ ገባኝ።

ከዚያ ከዘራውን አንስቶ ተነሳ።

«ሽማግሌ አትላክ» አለው ለደሜ። «ሽማግሌ ከላክህ ምን አሳይቶህ ፈቀድክለት ይሉኛል። ሦስት ሽማግሌ ሰማ ማለት አገር ሰማ ማለት ነው። ውሰዳት፣ እዚሁ ይለቅ።»

ያለ ሽማግሌ ልጅ ሲዳር ያኔ ገና ሰማሁ። ደሜ የአባቴ ጉልበት ላይ ወደቀ። እኔን ማንም ዞር ብሎ ያየኝ የለም። ጠዋት ከቤት ከወጣሁ ጀምሮ ዝም ብያለሁ፤ መሶቡን አስቀመጥኩ።

«አባዬ፣ እኔም ሰምቻለሁ» አልኩ።

ሁለቱም ዞሩ። አክስቴ ቤት ከሰነበትኩ ወሬ አፌ ላይ እንደማይቆይ፣ የራሴ ጎጆ ገብቼ ሥራ ከያዝኩ ግን ሊቆይ እንደሚችል ነገርኳቸው። ሠርጉ ከሁዳዴ በፊት ከሆነ አንበሳውን እኔም አይቼዋለሁ አልኩ። አባቴ እኔን አየ፣ ደሜን አየ፣ ባዶውን ድንጋይ አየ።

«ጅራቱስ?» አለኝ።

«ወደ ላይ ነው» አልኩት።

ሁዳዴ ሊገባ አራት ቀን ሲቀረው ተዳርኩ።