ካቻቢቴ የሚነክሰው አባቴ

እናቴ አባቴን የምትከሰው በአንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ንቆኛል ትላለች። "ለሞተር ሲሆን ጆሮውን ይቀስራል፤ ለእኔ ሲሆን ጆሮ ዳባ ልበስ!" ይህን የምትለው እዚያው አጠገቡ ተቀምጣ ነው። እሱ የገብስ ቆሎውን እየቆረጠመ ፈገግ ይልላታል፣ ፈገግታው ደግሞ ይብስ ያናድዳታል። ፈገግ የሚለው የምትለውን ስለማይሰማ መሆኑን እሷም አታውቅ፣ እኛም ልጆቿ አናውቅ። አባቴ ጆሮው ከደከመ ሰንብቷል፤ ደብቆን ነበር።

ሥራው የወፍጮ ሞተር መጠገን ነው። ከጥሊሊ እስከ ዳንግላ በናፍታ የሚሠራ ወፍጮ ሁሉ አንድ ቀን ታሞ እጁ ላይ ወድቋል። ታፔላውም፣ መሥሪያ ቤቱም፣ ዩኒቨርሲቲውም ከተማችንን እንጅባራ ይሏታል፤ እሱ ግን እስከ ዕለተ ሞቱ ቆሰበር እንዳላት ነው። "ስም ስለተቀየረ ሞተር አይነሣም" ይላል። ነገሩ ምን ከምን ጋር እንደሚገናኝ የሚጠይቀው የለም፤ ሲናገር ትልቁ የብሎን መፍቻ ከእጁ አይለይማ።

ስለ አባቱ የሚጽፍ ሰው ሁሉ ትሑት ነበር፣ ዝምተኛ ነበር ይላል። የእኔ አባት ትሕትናን በሩቁም አያውቃት። "እኔ ያልነካሁት ወፍጮ የሚያወጣው ዱቄት ሳይሆን ሽርክት ነው" ብሎ ገበያ መሐል ቆሞ ይናገራል። የሚያናድደው ነገሩ እውነት መሆኑ ነው። ዝናብ ሆነ ጭቃ ከሥራ አያስቀረውም፤ ገበሬዎቹ ገብሳቸውን በፈረስ ጭነው ከመድረሳቸው በፊት ሞተሩን አስነሥቶ፣ እጁን በአሮጌ ጨርቅ እየጠረገ በኩራት ይጠብቃቸዋል። ሞተር የሚሰድበው በአማርኛ፣ የሚያባብለው ደግሞ በአገውኛ ነበር። ምክንያቱን ስጠይቀው "ስድብ የተማርኩት ከተማ ነው፤ ማባበል ከእናቴ" አለኝ።

ሸክላ ሠሪ በገል ይበላል እንዲሉ፣ የቤታችን በር የሚዘጋው በሽቦ ነበር። ሬዲዮናችን በጥፊ ካልተመታ አይናገርም። አንድ ክረምት ግን እናቴን ላስደስት ብሎ ከበርሜልና ከብስክሌት ፔዳል የድንች ማጠቢያ ሠራላት። ማሽኑ ድንቹን አጠበ፣ ከዚያ ላጠ፣ ከዚያ አደቀቀ፣ በመጨረሻም የቀርከሃውን አጥር አሳልፎ ለጎረቤት ያድል ጀመር። እናቴ "አቁመው! ኧረ አቁመው!" እያለች ጮኸች። እሱ "በርታ" ያለችው መስሎት ፔዳሉን ይባስ ረገጠው። ያን ጊዜ ሁላችንም ሣቅን እንጂ ማንም ልብ አላለም።

ጆሮውን የበላው ያው የሚወደው ሞተር ነው። ዕድሜውን ሙሉ ጭስ ማውጫው የተቀደደ ሞተር አጠገብ ተደፍቶ ሲያዳምጥ ኖረ። ደግሞም ራሱን በራሱ አስሮ ነበር። ጆሮው ደህና በነበረ ጊዜ በየወፍጮ ቤቱ "የሞተር በሽታ የሚታወቀው በጆሮ ነው፤ የማይሰማ መካኒክ ቤቱ ገብቶ ቆሎ ይቆርጥም" እያለ ሲፎክር ከርሟል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ፤ አሁን ደንቁሬያለሁ ቢል ራሱን ወደ ቆሎው መላኩ ነው። ሥራ የሌለውን አባቴን ደግሞ እሱ ራሱም ሊያስበው አይችልም ነበር።

መካኒክ ሁሉ የካቻቢቴውን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ አድርጎ ያዳምጣል። አባቴም እንዲያ ያደርግ ነበር። ጆሮው እምቢ ሲለው ግን እጀታውን በጥርሱ ነከሰው። ድምፁ በጥርሱ በኩል አድርጎ፣ በአጥንቱ ሄዶ፣ የት እንደሆነ እንጃ ከራስ ቅሉ ውስጥ ይደርስለታል። ዓይኑን ጨፍኖ ትንሽ ይቆይና "ኩሽኔታው ተበልቷል" ይላል። ሲፈታ ኩሽኔታው ተበልቶ ይገኛል።

በችግር የተገኘችው ይህች ዘዴ በከተማው ጥበብ ተባለች። ብዙም ሳይቆይ የቆሰበር ወጣት መካኒኮች ሁሉ ካቻቢቴ ይነክሱ ጀመር። ጆሯቸው እንደ ድመት ነው፣ ሞተሩ ሲንኳኳ ከመንገድ ማዶ ይሰማሉ፤ ቢሆንም ይነክሳሉ። አንዱ የዳንግላ መካኒክ የፊት ጥርሱን ሸረፈና ደንበኛ በዛለት። እህል ይዘው የሚጠብቁ ሴቶችም የወፍጮ ባለቤቱን "ደኅና የሚነክስ ሰው አምጣልን እንጅ!" ይሉታል። አባቴ ይህን ሁሉ ያያል፤ ለምን እንደሆነ ግን የሚነግረው የለም፣ ቢነግሩትም አይሰማም።

ከዚያ ሌላ ሹመት መጣለት። በእኛ አገር ባልና ሚስት ሲጣሉ፣ ድንበር ሲገፋ፣ ፈረስ የሰው ማሳ ሲገባ፣ ነገሩ መጀመሪያ የሚሄደው ሽማግሌ ዘንድ ነው። ችግሩ፣ ሽማግሌዎቻችን ባለጉዳዩ አፉን ሳይከፍት ፍርዱን ይጀምራሉ። አባቴ ግን አገጩን ከዘራው ላይ አስደግፎ፣ የተናጋሪውን አፍ ትክ ብሎ እያየ፣ ሁሉም እስኪጨርስ አንድ ቃል አይተነፍስም። በመጨረሻ "ሁለታችሁም አጥፍታችኋል፤ ተነሡና ተሳሳሙ" ይላል። ፍርዱ ስቶ አያውቅም። አንደኛው ብቻ አጥፍቶ ሽማግሌ ፊት የቀረበበት ጠብ እስከ ዛሬ አልታየማ። "እንዲህ የሚያዳምጥ ሰው ከየት ይገኛል!" ተባለና ከገጠር ድረስ ፈረስ እየሳቡ መጥተው ይወስዱት ጀመር። እናቴ ይህን ስትሰማ ራሷን ያዘች። "እኔም ልክሰሰውና ራሱ ሽማግሌ ሁኖ ይስማኝ!" አለች። ጎረቤቶች ሣቁ። እሷ አልሣቀችም።

አደገኛው ስልኩ ነበር። በስልክ የሰው አፍ አይታይም። ደግነቱ ኔትወርኩ የአባቴ ወገን ነበር። በእነዚያ ዓመታት ዝናቡ ሲያጉረመርም ኔትወርክ ይሸሻል፣ ጉሙ ሲወርድ ይተኛል፤ ሰው ስልኩን ይዞ ጉብታ ለጉብታ ይንከራተታል። አባቴም ስልኩ ኪሱ ውስጥ ሲንቀጠቀጥ ያነሣና "ሄሎ! ሄሎ! ኔትወርክ የለም! ሰው ላክ!" ብሎ ይዘጋዋል። ሰው ይላክለታል፤ የተላከው በእጁ ወደ ጥሊሊ ወይ ወደ ዳንግላ ያሳየዋል፤ ዕቃውን ይዞ ይከተለዋል። መጥፎ ኔትወርክ እንጀራውን ጠበቀለት።

ደስታ መቼ ይበረክታል! ከከተማው በላይ ካለው ኮረብታ ላይ አዲስ የኔትወርክ ማማ ተተከለ። ቆሰበር ደስ አላት። የባጃጅ ሾፌሮች በአንድ እጃቸው እየነዱ በሌላው ስልክ ይዘው ይሳደቡ ጀመር። አባቴ ብቻ ግቢያችን መሐል ቆሞ፣ ማማውን ሊመሰክርበት የመጣ ሰው ይመስል ይገላምጠዋል።

እኔ ሴት ልጁ ያን ጊዜ ዳንግላ መድኃኒት ቤት እሠራ ነበር። አንድ ጠዋት ደወልኩለት። መስመሩ ጥርት ያለ ነው። ግቢያችን ውስጥ ዶሮዋ ስታስካካ ይሰማኛል፤ እናቴ "ማን ነው?" ስትል ይሰማኛል፤ የአባቴ ትንፋሽ ሳይቀር ይሰማኛል።

"አባባ፣ እኔ ነኝ" አልኩ።

"ሄሎ! ሄሎ! ኔትወርክ የለም! ሰው ላክ!" አለና ዘጋው።

ስልኩን እንደያዝኩ ቆምኩ። ድንቹ፣ ፈገግታው፣ ሽምግልናው፣ የሚነከሰው ካቻቢቴ፣ ሁሉም ተራ በተራ መጣልኝ። መጀመሪያ ሣቅሁ። ከዚያ የእናቴ ፊት ትዝ አለኝና ሣቄ ወደ ለቅሶ ዞረ። "ሰው ላክ" ስላለኝም ራሴን ላክሁ፤ ሚኒባስ ተሳፈርኩ።

ስደርስ ግቢው ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጦ የሆነ ብረት ይሞርዳል። ከኋላው ቆሜ ተጣራሁ። አልዞረም። ዞሬ ፊቱ ቆምኩና በጣቴ ጆሮዬን ነካሁ። አባቴ መጀመሪያ ማማውን ቀና ብሎ አየው። ቀጥሎ የማድ ቤቱን በር አየ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ሹክ አለኝ፤ ማለት ሹክ ያለኝ መስሎት ነው እንጂ ሰፈሩ በሙሉ ሰምቶታል።

"ጆሮዬ ሞቷል! ለእናትሽ እንዳትነግሪያት! ሰው ከሰማ ማን ሞተር ያስነካኛል!"

ከማድ ቤት ይሰማ የነበረው የማማሰያ ድምፅ ቀጥ አለ።

ፊቴን አይቶ መሰለኝ፣ ገና ሰው መሆኑን ሊያስመሰክር ፈለገ። ካቻቢቴውን ከኪሱ አወጣ፤ ጫፉን በሸሚዙ ጠረገ፤ እጀታውን ነክሶ ጫፉን ጉሮሮዬ ላይ በቀስታ አሳረፈውና በእጁ "ተናገሪ" አለኝ። በአጥሩ ቀዳዳ ያየን ሰው ቢኖር አባት ልጁን ሊያርድ ነው ብሎ ለፖሊስ በሮጠ። ከዳንግላ ጀምሬ ሚኒባስ ውስጥ ያዘጋጀሁት ወቀሳ ነበረኝ። ሁሉም ጠፋኝ።

"አባባ፣ ትሰማኛለህ?"

ዓይኑን ጨፈነ። ካቻቢቴውን ከአፉ አወጣና "ጤነኛ ነው" አለ። "ትንሽ ግራሶ ይጎድለዋል እንጅ።" ዓይኑ ግን እንባ ሞልቶ ነበር፤ እኔም እንባዬን አልያዝኩም።

ዞር ስል እናቴ ማማሰያዋን እንደያዘች በሩ ላይ ቆማለች። የድንች ወጥ ከማማሰያው ወደ መሬት ይንጠባጠባል። መጣች፤ ማማሰያውን ለእኔ ሰጠችኝ፤ ሌላ በርጩማ ስባ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች፤ ነጠላዋን ከአንገቷ ገለል አድርጋ በጣቷ ጉሮሮዋን አሳየችው። እኔ ፈራሁ። የዓመታት ክስ ነው፤ ንቀኸኛል የሚለው አሁን ሊወርድበት ነው አልኩ። አባቴም ሳይፈራ አልቀረም። ቢሆንም እጀታውን ነከሰ፤ ጫፉን አሳረፈው።

እናቴ አፏን ከፈተች፤ መልሳ ገጠመችው። ጉሮሮዋን ጠረገች።

"ምሳ ደርሷል" አለች።

አባቴ ዓይኑን ጨፈነ። ካቻቢቴውን ከጥርሱ ሳያላቅቅ "ድገሚው" አላት።

"ምሳ ደርሷል።"

"ድገሚው።"

ከማድ ቤት የሚያርር ወጥ ሸተተን። እናቴ ከበርጩማው አልተነሣችም።