በረንዳ ላይ የወጡት ሸክላዎች

እርጥብ ካርቶን ሲሸተኝ እስከ ዛሬ ድረስ ይመርረኛል። ባለፈው ሳምንት አሮጌ የሙዚቃ ሸክላ የሚሸጥበት ሱቅ ገብቼ አንዱን ሣጥን ሳገላብጥ ያው ሽታ ፊቴ ላይ ወጣብኝና፣ የያዝኩትን ትቼ ውልቅ ብዬ ሄድኩ። ባለሱቁ «ምን ነካት?» ሳይል አልቀረም።

ልጅ ሆኜ ሲያትል፣ ሬኒየር ቢች የሚባል ሰፈር፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ባለ አፓርትመንት እንኖር ነበር። አባቴ ጎረቤት ከተማ ቱክዊላ፣ መጋዘን ውስጥ ሲሠራ ይውልና፣ በትርፍ ጊዜው የላቲን ሮክ ሸክላ ይሰበስብ ነበር፤ የኤሌክትሪክ ጊታርና ኮንጋ ከበሮ እየተሽቀዳደሙ የሚጋልቡበትን፣ በወጣትነቱ ከአንድ ሙዚቃ ቤት ድምፅ ማጉያ ሰምቶ ቃሉ ሳይገባው የወደደውን ሙዚቃ። ታዲያ ያገኘውን ሁሉ አይገዛም፤ ኦሪጅናል ካልሆነ፣ ማለትም አልበሙ መጀመሪያ በወጣ ጊዜ የታተመው ካልሆነ፣ በነፃ ቢሰጡትም አይወስድም ነበር። ሽፋኑ የተቀደደ ከሆነማ ዞሮም አያየው።

ሲያትል ፀሐይ በምታይበት በሰመር፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ያርድ ሴል፣ ሰው አሮጌ ዕቃውን ደጁ ላይ አውጥቶ የሚሸጥበትን፣ ፍለጋ እስከ ከተማው ሌላ ጫፍ እስከ ሌክ ሲቲ እንሄድ ነበር። «ማሂ፣ እዚህ ጋ ፓርክ ላድርግና አንዴ አይተን ብቻ እንወጣለን፣ ኦኬ?» ይለኛል፤ አይቶ ብቻ የወጣበት ቀን ግን ትዝ አይለኝም። ከእነዚያ ቅዳሜዎች በአንዱ፣ ለዓመታት ሲፈልገው የኖረውን ሸክላ ከአንድ ሽማግሌ ጋራዥ አገኘ፤ ሽፋኑ ላይ ከበሮ ላይ የቆመ ቀይ አውራ ዶሮ የተሣለበት። ስንመለስ ሸክላው እኔ ጭን ላይ ነበር፤ አባቴ እየነዳ በየመብራቱ ዞር እያለ የሚያየው እኔን ሳይሆን ዶሮውን ነበር።

ዝናቡ ሲጀምር ደግሞ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሸክላዎቹን በለስላሳ ጨርቅ አጥበን የእናቴ ሰሃን ማድረቂያ ላይ እንደረድራቸው ነበር፤ እናቴም «ሰሃኔን አናቴ ላይ ልሸከመው?» እያለች ታጉረመርማለች። አባቴ አንዱን መስኮት አጠገብ ወስዶ፣ መሐሉ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ቀለም እያሳየኝ «ኦሪጅናል ነው ወይስ ድጋሚ?» ብሎ ይፈትነኛል፤ ካወቅሁለት የሚሆነውን ያጣ ነበር።

በዚያው ዓመት በብርዱ ወራት አያቴ አዲስ አበባ አረፈች። እናቴ ቀድማ ሰምታ ደብቃው ነበርና፣ እንደ ወጉ አንድ ማለዳ የእድሩ ሰዎች ተሰብስበው መጥተው ለአባቴ መርዶውን ነገሩት። አባቴ ወለሉ ላይ ተደፍቶ «እናቴን! እናቴን!» እያለ ሲያለቅስ፣ ከኋላው ሳሎናችን ለለቀስተኛ ይለቀቅ ነበር። አዛዧ እትዬ ፀዳለ ነበሩ፤ የማንም ለቅሶ የማያልፋቸው፣ ሰው ቤት ገብተው ከባለቤቱ በላይ የሚያዙ ሴትዮ። ሶፋው መኝታ ቤት ገባ። ሸክላዎቹ ጋ ሲደርሱ ግን «ለቅሶ ቤት ውስጥ የዘፈን ሸክላ አይቀመጥም፤ ወደ በረንዳ አውጡልኝ» አሉ።

«እትዬ፣ ውጭ እኮ ዝናብ ነው! ዌት ይሆናል! መኝታ ቤት እናስገባው» አልኳቸው።

«አንቺ ልጅ፣ ምን ነክቶሻል? አባትሽ እናቱን አጥቶ አንቺ ስለ ዘፈን ታወሪያለሽ?»

እናቴን አየኋት፤ በዓይኗ «ዝም በይ» አለችኝ። ሶፋ የበቃው ክፍል ለሸክላ የሚጠብበት ምክንያት እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ነፋስ የቀላቀለ ዝናብ በረንዳውን ሲገርፈው ሰነበተ። ለቀስተኛው የታሸገ ውሃ በካርቶን እየተሸከመ ይመጣና ሸክላዎቹ ያሉባቸው የካርቶን ሣጥኖች ላይ ይቆልለዋል፣ ውሃ የሚያንጠባጥብ ጃንጥላውንም እዚያው ጣል ያደርጋል። እኔ ሣጥኖቹን የማለብሳቸው ላስቲክ ፍለጋ ስወጣ ስገባ «ይቺ ልጅ አላርፍ አለች» ተባልኩ። ሰልስቱ ወጥቶ ሰው ሲቀንስ አባቴ ውሃ ሊያመጣ የበረንዳውን በር ከፈተ። አንዱን ሣጥን ሲያነሳው ታቹ ተቦድሶ ሸክላው ተዘረገፈ፤ የአውራ ዶሮው ሽፋን ከሌላ ሽፋን ጋር ተጣብቆ ነበርና፣ ሊያላቅቀው ሲሞክር ቀዩ ቀለም ጣቱ ላይ ቀረ።

እትዬ ፀዳለ ከኋላው ብቅ አሉና «ውይ! አይዞህ ወንድሜ፣ ዋናው ጤና ነው። ሸክላው እንደሆነ ይታጠባል» አሉት።

አንዴ እንዲጮኽባቸው ጠበቅሁ። እሱ ግን «እግዜር ይስጥልኝ፣ ደከማችሁ» ብሎ ውሃውን ይዞ ገባ።

ጸደይ ሲመጣ ሽፋኖቹ ሻገቱና አባቴ ራሱ ከነሸክላዎቹ ወስዶ ጣላቸው። በሰመሩ ቅዳሜ ቅዳሜ እስከ ረፋዱ ይተኛ ጀመር፤ ሌክ ሲቲም አልሄድንም። እትዬ ፀዳለ ወንድማቸው ሲሞትባቸው ግን ማልዶ ተነስቶ፣ ወንበር ተሸክሞ ከሁሉ ቀድሞ ደረሰላቸው። ደሜ ፈላ። በእሳቸው ብቻ አይደለም፣ በእሱም ነበር።

ካደግሁ በኋላ ለምን ዝም እንዳለ ጠየቅሁት።

«እናቴ ሞታ ሰው ቤቴን ሞልቶልኝ፣ በካርቶን ላኩርፍ?» አለኝ።

«አባዬ፣ ሁለቱም ይቻል ነበር።»

«ይቻል ነበር» አለ።

አሁን ወላጆቼ ጡረታ ወጥተው አገር ቤት ገብተዋል። እኔ ለብቻዬ እኖራለሁ፤ በእልህ ኦሪጅናል ሸክላ እሰበስባለሁ፣ በዚያው ቂም የማንም እድር አባል አልሆንኩም። ባለፈው ዓመት በየሳምንቱ በስልክ ታስቀኝ የነበረችው አክስቴ ስታርፍ መርዶው ሥራ ቦታ በስልክ ጽሑፍ ደረሰኝ፤ ከጽሑፉ ሥር የሚያለቅሱ ትንንሽ ፊቶች ተደርድረዋል። ቤቴ ገብቼ ሳሎን ተቀመጥኩ። በሬን ያንኳኳ የለም፣ ሶፋዬን ከቦታው ያነሳ የለም፣ ሸክላዎቼንም ንክች ያደረገ የለም። በዚህም ተናደድኩ።