በሽማግሌ ያለቀው የመንገድ ስም

ይህ መጻፍ የሚገባው ታሪክ መሆኑን እርግጠኛ አይደለሁም። የአንድ መንገድ ስም ሳይቀየር ቀረ፤ ሌላ የሆነ ነገር የለም። አባቴ ግን ከዚያ ወዲህ በዚያ በኩል አይነዳም።

መንገዱ ዌስተን በሚባለው ሰፈራችን፣ ከባቡር ጣቢያው አጠገብ ያለ አጭር መንገድ ነው። ሊሰየምላቸው የታሰበው ሰው ከጃማይካ መጥተው ለጥቁሮች መብት ዕድሜያቸውን ሙሉ የታገሉ ናቸው። አባቴ በስደት እንደመጣ አከራዮች "ተይዟል" እያሉ ሲመልሱት፣ እሳቸው አብረውት ሄደው፣ በር ላይ ተከራክረው የመጀመሪያ አፓርታማውን አስገኝተውለታል። አሁን በሕይወት የሉም። ባለቤታቸው ታመዋል፤ አባቴ የባላቸውን ስም መንገዱ ላይ ሊያሳያቸው ቃል ገብቶ ነበር።

የስሙን ለውጥ አጥብቆ የተቃወመው የእኛው አገር ሰው፣ እዚያው ሱቅ ያለው ነው። አድራሻ መቀየር ራስ ምታት ነው ይላል፤ "ደግሞስ ስም ይበላል?" ብሎ ያሾፋል። ሌሎቹ ነጋዴዎችም እሱን ይሰማሉ። አባቴ ሦስት ሽማግሌዎች ላከበት። ከከተማው ሌላ ጫፍ፣ ከስካርቦሮ፣ በመኪና ያመጣኋቸው እኔ ነኝ። ባለሱቁ ብድግ ብሎ ተቀበላቸው፤ ለስላሳ ከፈተላቸው፤ አንገቱን ደፍቶ ሰማቸው።

"እንግዲህ እናንተ ካላችሁ እኔ ምን እላለሁ፣ አባቶቼ" አለ።

መረቁት። ሲመለሱ አንደኛው፣ ይሄ እኮ አፉ ነው እንጂ ልቡ የዋህ ነው ብለው አሳቁን።

የከተማው ሰዎች የነዋሪውን ሐሳብ የሚሰሙበት ምሽት ሲደርስ፣ ሄደን እንናገር አልኩት አባቴን።

"ሽማግሌ የጨረሰውን ጉዳይ እንደገና በማይክ ማንሳት ነውር ነው" አለኝ። "አላመንህም ማለት እኮ ነው።"

ብቻዬን ሄድኩ። ባለሱቁ አልመጣም። ሚስቱ ግን ከነጋዴዎቹ ጋር መጥታ፣ ስሙ እንዳይቀየር በረጋ እንግሊዝኛ ተናገረች። እኔም ተናገርኩ። ሰብሳቢዋ አመስግናኝ፣ ለውጡን የሚደግፍ ሌላ ሰው አለ ወይ ብላ ጠየቀች። ማንም እጁን አላነሳም።

ሐሳቡ ውድቅ መሆኑን በሰማንበት ቀን አባቴ ለሟቹ ባለቤት ሊነግራቸው ሄደ፤ አብሬው ነበርኩ። ሴትዮዋ እስኪጨርስ ጠበቁና፣ ከናንተ ስንት ሰው መጥቶ ነበር አሉት።

"ልጄ" አለ አባቴ። "ልጄ ብቻ።"