የምጽዋው ፋሮ በበርበሬ ተራ

ወንድሜ ምጽዋ ላይ ለመርከብ መንገድ የሚያሳይ መብራት ጠባቂ ሆኖ ተቀጠረ የተባለ ዕለት እናቴ ሱቋን ዘግታ ቤት ገባች። መርካቶ በርበሬ ተራ ውስጥ በሥራ ቀን ሱቅ ተዘጋ ማለት ሰው ሞተ ማለት ነው፤ ጎረቤቶቿ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ሊያለቅሱ መጡ። ኧረ አልሞተም፣ ሥራ አግኝቶ ነው ብዬ ብለፈልፍ ማን ይስማኝ! አንዷማ ደረቷን መምታት ጀምራ ነበር።

እናቴ የጎጃም ልጅ ናት። ውሃ ሲባል የምታውቀው ዓባይን ነው። ዓባይ ደግሞ ታላቅ ወንድሟን ወስዶባታል፤ ከገበያ ሲመለስ መሽቶበት፣ መሻገሪያው በጨለማ ጠፍቶት፣ እንደገባ ቀረ። አስከሬኑ እንኳ አልተገኘም። እናቴ ያኔ ልጅ ነበረች፤ ግን ነገሩን ስታነሳ ትናንት የሆነ ነበር የሚመስላት። እንግዲህ ባሕር ማለት ለእሷ ማዶው የማይታይ ዓባይ ነው። ልጇ በዚያ ውሃ አፍ ላይ በቆመ ግንብ ውስጥ ያድራል ሲሏት እንቅልፍ ከቤታችን ወጣ። አንድ አልጋ ላይ ነበር የምንተኛው፤ እሷ ስትገላበጥ እኔም አብሬ ስገላበጥ ይነጋል።

አንድ ቀን አጎቴን አስጠራችው። አጎቴ የአባቴ ወንድም ነው፤ አባቴ ከሞተ በኋላ ለእኛ አባት የሆነን እሱ ነው። የካሚዮን ሾፌር ነበር፤ ከመርካቶ ቡና ጭኖ ምጽዋ ይወርዳል፣ ጨው ጭኖ ይመለሳል። ተቀምጦ ውሃ እንኳ ሳይቀምስ «በጠባኸው ጡቴ ይዤሃለሁ፣ ሥራውን ጥለህ ና ብላሃለች በለው» አለችው።

ይህ ቃል እኛ ዘንድ ቀልድ አይደለም። እናት በጡቷ ከያዘች ልጅ የያዘውን ይጥላል፣ ክርክር የለም። ወንድሜ ደግሞ መርካቶ ሳለ ያልሞከረው ሥራ አልነበረም። ሸማ ተራ ተላላከ፣ ጋራዥ ገባ፣ ቆርቆሮ ቀጠቀጠ፤ አንዱም አልሆነለትም፤ ሰፈሩም «ሰነፉ» ብሎ ስም አውጥቶለት ነበር። አሁን ግን አጎቴ ምጽዋ በወረደ ቁጥር ወንድሜ ስለዚያ መብራት እንጂ ስለ ሌላ ነገር አያወራለትም። በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ የሚኮራበት ነገር አግኝቷል። እሱን ልታስጥለው ነው!

ደሜ ፈላ። እኔ እንደሆንኩ ድሮም ትዕግሥት አልፈጠረብኝም። ያላየሽውን ቦታ እንዴት ትፈርጂበታለሽ አልኳት፤ ተቆጣች፤ እኔም ተቆጣሁ፤ አጎቴ በመሐላችን አንገቱን ቀብሮ ተቀመጠ። በመጨረሻ፣ ሄጄ ፎቶ አንስቼ ላምጣልሽ ብዬ አፌ እንዳመጣልኝ ተናገርኩ።

«እሺ፣ ቦታውን ልየው» አለች። «አይቼው ልቤ ካላረፈ ግን ይመጣል፤ አለቀ።»

ፎቶ ያልኩት እንዲሁ ከሜዳ ተነሥቼ አይደለም። መርካቶ፣ ሰባተኛ አካባቢ ከሚገኝ አንድ ፎቶ ቤት ተቀጥሬ ጨለማ ክፍል ውስጥ ፊልም አጥብ ነበር። በጃንሆይ ዘመን ካሜራ የያዘች ሴት ብርቅ ነበረች፤ ባለቤቱ ጋሼ ምሳ ሲሄዱ ደንበኛ እኔው አነሣለሁ፣ የሚደነግጥም ነበር። ግድግዳችን ላይ አንድ ጥቁር ኮትና አንድ ክራባት ተሰቅለው ይውላሉ። ኩሊው ሸክሙን በር ላይ አውርዶ ይገባል፣ ኮቱን ይለብሳል፣ ክራባቱን እኔ አስርለታለሁ፣ ባለጸጋ መስሎ ይነሣና ፎቶውን ለአገር ቤት ይልካል። መርካቶ ውስጥ ይህን የማያውቅ አልነበረም።

ጋሼን ካሜራ ያውሱኝ ስላቸው መጀመሪያ ሳቁ። ቀጥሎ ተነሥተው ወዲያ ወዲህ ማለት ጀመሩ፤ ለካ በዚያ ሁሉ ዘመን ባሕር አንስተው አያውቁም! ተጣጥፋ የምትዘጋዋን ካሜራቸውንና ሁለት ጥቅል ፊልም ሰጡኝ። ካሜራዋ ከምትሰበር አንቺ ብትሰበሪ ይሻላል አሉኝ፤ ከልባቸው ነበር።

በአጎቴ ካሚዮን ጋቢና ውስጥ ካሜራዋን ታቅፌ ደሴን፣ መቀሌን፣ አስመራን አለፍኩ። ከአስመራ ቁልቁል ስንወርድ ደመናው ከበታቻችን ነበር፤ እኔ እንደ ሕፃን እጮሃለሁ፣ አጎቴ መሪውን ይዞ ይስቅብኛል። ባሕሩን መጀመሪያ ያገኘሁት በአፍንጫዬ ነው። ጨው ጨው፣ ዓሣ ዓሣ ሸተተኝ፤ ከዚያ መንገዱ ታጠፈና ወለል ብሎ ታየ። ማዶ የለውም። እናቴ ልክ ነበረች፤ ማዶ የለውም! እኔ ግን በፍርሃት ፈንታ ከካሚዮኑ ዘልዬ ልወርድ ምንም አልቀረኝም።

መብራቱ ያለበትን ግንብ የዚያ አገር ሰዎች በጣልያንኛው ፋሮ ይሉታል። ነጭ ነው፤ ከየብስ ተነሥቶ ወደ ባሕሩ በሚገባ የድንጋይ መንገድ ጫፍ ላይ ቆሟል። ከታች በር፣ ውስጡ የሚዞር የብረት ደረጃ፣ ከአናቱ መስታወት ያለው ክፍልና ትልቁ ፋኖስ። ወንድሜ ጠቁሯል፣ ወፍሯል፣ ድምፁ ሁሉ ጎልቷል። ሰላምታችንን ሳንጨርስ እጄን ይዞ ወደ ላይ አወጣኝና መስታወቱን እንዴት እንደሚወለውል፣ ጋዙን እንዴት እንደሚሞላ ያሳየኝ ጀመር። ያ ሰነፍ የተባለው ልጅ! እንባዬን እንዳያይብኝ ፊቴን ወደ ባሕሩ አዞርኩ።

ያን ቀን ባሕሩ እንደ ተነጠፈ ነጭ ሸማ ጸጥ ብሏል። ይኼን ነበር የፈለግሁት። ከቅርብ አነሣሁ፣ ከሩቅ አነሣሁ፣ ውሃው እስከ ጉልበቴ ገብቼ አነሣሁ። ወንድሜንም በሩ ላይ አቁሜ አነሣሁት፤ ያኔ ፎቶ ሊነሣ የቆመ ሰው እንደሚያደርገው እጁን ለጥፎ፣ ትንፋሹን ውጦ ደረቀ። አንደኛው ጥቅል እዚያው አለቀ። ይኼን ያየች እናት ካልተኛች ከእንግዲህ ማን ይተኛል ብዬ ደስ አለኝ።

አጎቴ ጨው ጭኖ እስኪጨርስ እዚያው ሰነበትኩ። ልንመለስ ስንል አንድ ቀን በቀትር ሰማዩ ጠቆረ። ነፋሱ መጣ፣ ባሕሩ ተነሣ። ወንድሜ በሩን ዝጊ ብሎኝ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለ ወጣ። እኔ በሩን ዘጋሁት፤ ከውጭ ነው የዘጋሁት እንጂ!

የድንጋዩ መንገድ መነሻ ላይ ጀልባ የሚታሰርበት የብረት ምሶሶ አለ። ነጠላዬን ከወገቤ አዙሬ ከምሶሶው ጋር ቋጠርኩና ካሜራዋን ከፈትኩ። ማዕበሉ ግንቡን ሲመታው መሬቱ ከእግሬ ሥር ይሰማኛል። ፊቴ ላይ ጨው ይረጫል፣ ዓይኔ ይቃጠላል፣ እኔ ግን እስቃለሁ። ፈርቼም ነበር፤ ፍርሃቱና ደስታው ተደባልቆ የቱ የቱ እንደሆነ አላውቅም። ከዚያ አንድ ትልቅ ማዕበል መጥቶ የግንቡን ወገብ አለፈና ነጭ አረፋ ሆኖ ተበተነ፤ በዚያችው ቅጽበት ከላይ መብራቱ ቦግ አለ። ቁልፏን ተጫንኩ። ካሜራዋን በቀሚሴ ጠቅልዬ፣ ነጠላዬን ከምሶሶው ፈትቼ እግሬ አውጪኝ አልኩ።

ወንድሜ እንደዚያ ተቆጥቶኝ አያውቅም። እብድ ነሽ፣ ዛሬ እናቴን ሁለት ልጅ ልታሳጪያት ነበር ብሎ ጮኸብኝ። ከዚያ እንደ በሰበሰች ዶሮ ቆሜ ሲያየኝ ሳቁ አመለጠው፤ ሁለታችንም ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። የማዕበሉን ፎቶ ግን እናታችን እንዳታይ ተስማማን። ካየችው አለቀልኝ አለኝ። እኔም ማልኩለት።

መርካቶ እንደገባን ወደ ጨለማው ክፍል ነው የሮጥኩት። ጋሼ ከኋላዬ ገቡ። በቀዩ መብራት ሥር ወረቀቱን መድኃኒቱ ውስጥ አስገብቼ ሳወዛውዝ ግንቡ መጣ፣ አረፋው መጣ፣ ጥቁሩ ሰማይ መጣ። ከአናቱ ላይ ትንሽ ነጭ ነጥብ ቀረች። ጋሼ ምላሳቸውን መቱና ይቺ የፊልም እንከን ናት፣ ሲደርቅ በቀለም እናጠፋታለን ብለው ቀጭኗን ብሩሽ አነሡ። እጃቸውን ለቀም አደረግሁ! የሰው ፊት ላይ ጠባሳ ሲያጠፉ የኖሩ ናቸው፤ አይፈረድባቸውም። መብራቱ ነው፣ ወንድሜ ያበራው ነው ስላቸው መነጽራቸውን አድርገው ጎንበስ አሉ። ብዙ ቆዩ። ከዚህ ቤት እንዲህ ያለ ፎቶ ወጥቶ አያውቅም አሉ። ትልቅ አድርገው አተሙት። የትም እንዳይሰቀል ለመንኳቸው፤ እሺ አሉ፤ የእሳቸውን እሺ ግን አውቀዋለሁ።

ለእናቴ ጸጥ ያለውን ባሕር ሰጠኋት። ሱቋ ውስጥ በርበሬው መሐል ተቀምጣ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አየች። ፊቷን እያየሁ ጠበቅኩ፤ ምንም የለም። ግንቡን ደጋግማ ተመለከተች፤ እሱ የታለ አለችኝ። ውስጥ ነው አልኳት። በሩ ዝግ ነው፣ የሚኖርበት ሰው ያለ አይመስልም አለች። በሩ ላይ የቆመበትን ስሰጣት ደግሞ ገፋ አድርጋ መለሰችልኝ።

«እናንተ ኩሊውን ባለጸጋ ታደርጉት የለም እንዴ? ፎቶ ላይ የቆመ ሰው ሁሉ ደኅና ነው።»

ክራባቱን የማስረው እኔው! እናቴ አጎቴን ነገ ስትወርድ ያልኩህን ንገርልኝ አለችው። ወንድሜ ሲመጣ፣ ያ ሰነፉ የሚለው ስም እንደገና ሲለጠፍበት ታየኝና በቁጭት እያለቀስኩ ወጣሁ።

ፎቶ ቤቱ ስደርስ በሩ በሰው ታጥሯል። ጋሼ አድርገውታል። የማዕበሉን ፎቶ መስኮቱ መስታወት ውስጥ ሰቅለውታል! ኩሊው፣ ሊስትሮው፣ ከሸማ ተራ የመጣው ነጋዴ ሁሉ እየተጋፋ ያያል። አንዱ የእሳት ጭስ ነው ይላል፣ አንዱ የፍርድ ቀን ነው ይላል፣ አንዲት ሴትዮ ታማትባለች። ያውርዱልኝ ብዬ ስገፋ ማን ያሳልፈኝ። በዚህ መሐል ከኋላ ሰዉ ማስነጠስ ጀመረ። አንዱ አስነጠሰ፣ ሌላው ተከተለ፣ እየሳሉ መንገድ ለቀቁ። ዞር ሳልል ማን እንደመጣ አወቅሁ፤ በርበሬው ከነጠላዋ ላይ እየተነሣ እናቴ መጣች። የልጅሽን ቤት ባሕር ሊውጠው ነው ብሎ አንዱ ወሬኛ ሮጦ ነግሯታል። አጎቴም ከኋላዋ ነው።

እናቴ መስታወቱ ፊት ቆመች። ከኋላዋ የሰፈሩ ሰው ማስነጠሱን ቀጠለ። ራሷን ትስታለች ብዬ እጄን ዘረጋሁ። እሷ ግን ጎንበስ አለችና ጣቷን አነሣች፤ ጋሼ ሊያጠፏት የነበረችው ነጥብ ላይ አሳረፈችው።

«ይኼን ማን ነው ያበራው?»

«እሱ ነዋ፣ እማዬ።»

«ይኼ ሁሉ እየሆነ?»

ሰማዩ ሲጠቁር ወደ ላይ ሮጦ ነው ያበራው፣ ውሃው ግንቡን ሲመታ እሱ ከላይ ነበር አልኳት። ከእንግዲህ መደበቅ ምን ያደርጋል። ጣቷን ሳታነሣ፣ ለማን ነው የሚያበራው አለች። መንገድ ለጠፋበት፣ መሽቶበት ባሕር ላይ ላለ ሰው ነው አልኳት።

«ወንድሜ ማዶ ላይ እሳት የሚያነድለት አንድ ሰው ቢኖረው ኖሮ» አለች። «አንድ ሰው።»

ወይኔ እናቴን! እዚያው በሰው መሐል አቅፌ አለቀስኩ፤ በርበሬው ነው ብሎ ቢያሳብብም አጎቴም ያለቅስ ነበር። እሷ ግን ወዲያው በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገችና፣ ከበርበሬው የተነሣ ይባስ ብሎ ቢያቃጥላትም፣ ቀና አለች። ጣቷን ስታነሣ መስታወቱ ላይ፣ ልክ በመብራቱ ቦታ፣ ቀይ አሻራ ቀረ። ጋሼ መስታወት ላይ ጣት ያሳረፈ ደንበኛ የሚያባርሩ ሰው ናቸው፤ ያን ቀን ቃል አልተነፈሱም፤ አሻራውንም አልጠረጉትም።

አጎቴ ታዲያ ነገ ምን ልበለው ብሎ ጠየቃት። እናቴ ፎቶውን እንደገና አየችው።

«ያልኩህን ተወው» አለችው። «ጋዙ እንዳያልቅበት በለው።»