በበገና የፈተንኳቸው ስፒከሮች

ፒያሳ፣ ከወርቅ ቤቶቹ ጀርባ ባለችው የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ሥራ በጀመርኩ ቀን የሱቁ ባለቤት ጋሽ ሰዒድ ሁለት ካርቶን ፊቴ አስቀመጡ።

"ሁለቱም አምፕሊፋየር ነው። ብትገዢ የትኛውን ትገዢያለሽ?" አሉኝ።

አንዱ ላይ አምስት መቶ ዋት፣ ሌላው ላይ ሃያ ዋት ተጽፏል። አምስት መቶውን አነሳሁ።

"አይ የላስታ ልጅ! ካርቶን እኮ ሁሉ ፎካሪ ነው። ዓይንሽን ጨፍኚና በእጅሽ መዝኚው።"

መዘንኩ። አምስት መቶው እንደ ባዶ ሳጥን ቀለለኝ፤ ሃያው እጄን ወደ ታች ሳበው። ከባዱ ውስጥ ደህና ትራንስፎርመር አለ። ዛሬ ቀላል ሆነው በደንብ የሚሠሩ ትንንሽ አምፖች መጥተዋል፤ ያኔ ግን ሚዛኑ እጃችን ነበር።

ኮምፒውተር ላይ የሚሠራ ደንበኛ ሲመጣ ምን እንደምጠይቅ ያስተማሩኝም እሳቸው ናቸው። መጀመሪያ "ከስፒከሩ ምን ያህል ይርቃሉ?" ነው። ጠረጴዛው ላይ ክንድ ያህል ርቆ ለሚቀመጥ ሰው ሃያ ዋት ይተርፈዋል። ቀጥሎ ስፒከሩ ከግድግዳው ራቅ ይበል፤ ጆሮ ትክክል እንዲሆን ከሥሩ መጽሐፍ ይደረግበት። ገንዘቡ ለማይበቃው ደግሞ አዲስ ላስቲክ ስፒከር ከመሸጥ ያገለገለ የእንጨት ስፒከር ከትንሽ አምፕ ጋር አጋብተን እንሰጠዋለን። ቀዩን ገመድ ከቀይ፣ ጥቁሩን ከጥቁር። አንዱ ከተገላበጠ ድምፁ መሃሉ ባዶ ይሆናል።

ያገለገለ ዕቃ ሳይፈተን አይወጣም። እያንዳንዱ ሻጭ የራሱ መፈተኛ ዘፈን አለው። እኔም ነበረኝ፤ ዐቢይ ጾም ሲገባ ግን ዘፈን አልከፍትም። ጋሽ ሰዒድ አንድም ቀን አላስገደዱኝም።

"ስለ ጾም ለእኔ አትንገሪኝ። ረመዳንን ፒያሳ መዋል ማለት ማኪያቶ እየሸተተሽ መዋል ነው" ብለው ይስቃሉ።

ስለዚህ በጾም ወራት የምፈትነው በበገና ነበር። ላስታ፣ ከቤታችን በላይ አንድ በገና ደርዳሪ ሽማግሌ ነበሩ። በሑዳዴ እናቴ ሥራዋን ጨርሳ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ታዳምጣቸው ነበር፤ እኔም ጭኗ ላይ። ሱቅ ውስጥ ገመዱን አጋብቼ በገናውን ስከፍት ዓይኔን እጨፍናለሁ። ለፍተሻ ሁለት ደቂቃ ይበቃ ነበር። እኔ እስከ መጨረሻው አዳምጣለሁ። ጋሽ ሰዒድ ለጥንቃቄ ይመስላቸው ነበር። እውነቱን ልናገርና፣ አገሬን ነበር የምሰማው።

በሰባተኛው የሥራ ዓመቴ ለፋሲካ ፈቃድ አገኘሁ። እናቴን ካየኋት ሦስት ዓመት ሆኖኝ ነበር፤ እሷ ጉልበቷን ስለሚያማት መንገድ አትችልም። የወልድያ አውቶቡስ ትኬቴን ለሕማማት ማክሰኞ ቆረጥኩ። ነጠላና ጫማ ገዝቼላት ሻንጣዬ ተዘግቷል።

ሰኞ ረፋድ ላይ ጋሽ ክፍሌ መጡ። ከሥላሴ በታች የሚኖሩ ጡረተኛ መምህር ናቸው። ዓይናቸው ስለደከመ የድሮ ተማሪዎቻቸው መጽሐፍ እያነበቡ ይቀዱላቸዋል፤ እሳቸው በኮምፒውተር ያዳምጣሉ። በጾሙ አጋማሽ ያገለገለ ስፒከርና ትንሽ አምፕ ሸጬላቸው ነበር። ሕማማት ስለሆነ እጅ አልተጨባበጥንም፤ አንገታችንን ዝቅ አድርገን ብቻ ተያየን። በጋቢ የጠቀለሉትን አንዱን ስፒከር ባንኮኒው ላይ አሳረፉ።

"ልጄ፣ ኮምፒውተሬ ውስጥ ያሉት ሰዎች ሁሉ ጉንፋን ይዟቸዋል።"

"ቻርጀሩን ነቅለው ሞክረዋል ጋሼ? አንዳንዴ እሱ ነው የሚያስጮኸው።"

"ነቀልኩት። ጉንፋኑ አልለቀቀም። ልጆቹንማ 'ምን ሆናችሁ፣ ደግማችሁ አንብቡልኝ' እያልኩ አሰለቸኋቸው። ኋላ ደግሞ ዓይኔን ተከትሎ ጆሮዬም ሊሄድ ነው ብዬ ፈራሁ።"

ገመዱን አጋባሁና በገናውን ከፈትኩ። ምንም ችግር አልነበረውም።

"ይኸው፣ ደህና ነው" አልኩ።

ጋሽ ሰዒድ ከውስጥ ሆነው፣ "እስቲ ሬዲዮ ክፈቺበት" አሉ።

ዜና አንባቢው ገና ሁለት ቃል ሳይናገር አፍንጫው እንደታፈነ ሰው ድምፁ እየነዘረ መጣ። ጋሽ ሰዒድ ተነሥተው መጡ፤ ሽፋኑን አውልቀው የስፒከሩን ወረቀት በጣታቸው ቀስ ብለው ገፉት። ዙሪያውን የያዘው ጎማ በአንድ በኩል ተሰንጥቋል።

"በምን ነበር የፈተንሽው?"

"በበገና።"

መጀመሪያ ሳቁ፤ ወዲያው ሳቃቸውን አቆሙ። "አንቺ ልጅ፣ በገና እኮ ራሱ የሚነዝር ነገር ነው!"

እውነታቸውን ነው። በገና እንዲነዝር ተብሎ በየጅማቱ ሥር ቁራጭ ቆዳ ይደረግለታል፤ ጣዕሙ እሱ ነው። የተሰነጠቀ ስፒከር መንዘሩን እዚያ ውስጥ ደብቆ ያልፋል። የላስታ ልጅ ሆኜ ይህን ሳላውቀው ቀርቼ አይደለም። አላሰብኩትም።

"ጾሙን ሙሉ በሱ ነው የፈተንሽው?"

"ጾሙን ሙሉ።"

ደብተሬን አወጣሁ። የገዛውን ሰው ስምና ስልክ መጻፍ ልማዴ ነው። ከጾሙ መግቢያ ጀምሮ ያገለገለ የገዙ ዘጠኝ ሰዎች ነበሩ።

"ትኬትሽን ቆርጠሻል፤ ሂጂ። ስትመለሺ እንጠራቸዋለን" አሉ ጋሽ ሰዒድ።

ጋሽ ክፍሌም ጋቢያቸውን እያጣጠፉ፣ "እኔ እንኳ ምን ያስቸኩለኛል፣ ከፋሲካ በኋላ ይደርሳል" አሉ።

ቢቆጡኝ ኖሮ እሄድ ነበር መሰለኝ። ጥፋቱ የኔ ሆኖ ሳለ ጋሽ ክፍሌ ጆሯቸውን ሲጠረጥሩ ከረሙ። የቀሩት ስምንት ሰዎችስ ማንን እየጠረጠሩ ይሆን? ይህን ይዤ በሕማማት መንገድ መውጣት ከበደኝ። የሁሉንም ቤት ለመዞርና የተበላሸውን ለመጠገን ሦስት ቀን ያስፈልጋል። ከዚያ በኋላ ደግሞ ለፋሲካ የሚያደርስ ትኬት አይገኝም።

ከምሳ በኋላ ለእናቴ ደወልኩ።

"እማዬ፣ አልመጣም።"

"ምነው፣ አመመሽ?"

"አይደለም። ሥራ አበላሽቼ ነው።"

"የሰው ነገር ነው ያበላሸሽው?"

"የሰው።"

ዶሮዎቹ ሲጮኹ በስልኩ ይሰማኛል።

"እንግዲያ አስተካክለሽ ነይ። ፋሲካ እንደሆነ በየዓመቱ ነው" አለችኝ። ቀጥላም፣ "ጠላውን ላንቺ ብዬ ነበር የጠመቅኩት" ብላ ስልኩን ለጎረቤት ልጅ ሰጠችው።

ማክሰኞና ረቡዕ በእግሬ ዞርኩ። ስልኬ ላይ ያለውን የሬዲዮ ወሬ እየከፈትኩ ሁሉንም ፈተንኩ። ውቤ በረሃ አንዲት ልብስ ሰፊ በር ላይ ቆማ፣ "አንቺ፣ ዕቃ ሸጦ ቤት ድረስ የሚመጣ ሰው ከየት ተገኘ? ልትወስጂብኝ ነው እንዴ?" ብላ አላስገባ አለችኝ። የመጣሁበትን ሰምታ ስትጨርስ፣ "እኔ እኮ የባለቤቴ ኮምፒውተር ነው እያልኩ ስጨቀጭቀው ነው የከረምኩት" አለች። ከዘጠኙ፣ የጋሽ ክፍሌን ጨምሮ፣ ሦስቱ የተሰነጠቁ ነበሩ። ሐሙስ ሱቅ ተቀምጬ የድሮውን ጎማ ላጥኩ፤ አዲሱን በማጣበቂያ አለበስኩ፤ እስኪደርቅ ጠበቅኩ። ሁሉንም በሬዲዮ ፈትኜ መለስኩ። ጋሽ ክፍሌ የተማሪያቸውን ንባብ ከፍተው ጥቂት አዳመጡና፣ "ይኼ ልጅ ለካ ድምፁ ያማረ ነው" አሉ።

የስቅለት ዕለት ቤተ ክርስቲያን ስሰግድ ዋልኩ። ጉልበቴ አልደከመም። ልቤ ግን ስግደቱ ላይ አልነበረም፤ ወልድያን አልፎ ዳገቱን እየወጣ ነበር። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

ሌላ ፈቃድ ያገኘሁት ለቀጣዩ ፋሲካ ነበር፤ ያኔ መንገዱ ተዘጋ። ከዚያ ጦርነት መጣ፤ ስልኩም ተቋረጠ። ተከፈተ ሲባል ተመልሶ ይዘጋል፤ አንዱ ሲያልፍ ሌላው ይመጣል። ያቺ ሱቅም ከነሰፈሯ ፈርሳ ጋሽ ሰዒድ ሌላ ቦታ ተከራይተዋል፤ አሁንም አብሬያቸው እሠራለሁ። እናቴ በሕይወት አለች። ኔትወርክ ሲገኝ እንነጋገራለን። ጾሙ ሲጋመስ፣ "ዘንድሮስ?" ትለኛለች። "መንገዱ ከተከፈተ" እላታለሁ። እስካሁን አላየኋትም።

ቆይቼ ማስተካከሌ አይጸጽተኝም። የሚጸጽተኝ ዓይኔን ጨፍኜ የፈተንኩት ነው።

በዚህ ሥራ አዲስ ለሆናችሁ፦ ስፒከርን መጀመሪያ በሰው ንግግር ፈትኑ። የሰው ድምፅ ምን መምሰል እንዳለበት ጆሮ ሁሉ ያውቃል። የምትወዱትን ከዚያ በኋላ ክፈቱ። ዕቃው ሳይሸጥ ፍተሻው አምስት ደቂቃ ነው፤ ከተሸጠ በኋላ ስንት ቀን እንደሚወስድ፣ የትኛውን ቀን እንደሚወስድባችሁም አታውቁም።